ከሁሉም መርዘኛው

ሰው ላም ያልባል፤ እሱ እባብ ያልብ ነበር። የእባብ መርዝ ማርከሻ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ አንገታቸውን አንቆ፣ የብርጭቆ ጠርዝ እያስነከሰ፣ መርዛቸውን ሲያንጠባጥብ ዕድሜው ገፋ። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «አላቢው» ይለዋል።

ሚስቱ ኩላሊቷን ታማ ስትማቅቅ ቆይታ ሞተች። አላቢው አላለቀሰም። «አይዞህ» ሲሉት «እሺ» ይላል። «ብላ» ሲሉት ይጎርሳል። «ተኛ» ሲሉት ይጋደምና ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ያነጋል። ውስጡ ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ ክንድ ሆኗል፤ ቢቆነጥጡት እንኳ የሌላ ሰው ገላ ነው የሚመስለው።

በሳምንቱ ሥራ ገባ። አማቱ ይህን መዋጥ አቃታቸው።

«የልጄ አፈር ሳይደርቅ!» አሉ።

ያን ጠዋት ባልደረባው በር ላይ ተቀበለው። «ዛሬስ ተወው፤ እኔ አልባቸዋለሁ» አለው።

«እጄ ሥራ ከያዘ ይሻለኛል።»

እውነትም እጁ ሥራውን አልረሳም። እፉኝቷ እየተነፋች አለባት፤ ኮብራው አንገቱን ዘርግቶ ሲፎክር አለበው። በመጨረሻ ከሩቅ አገር የመጣውን፣ ጥቁር ገላው ላይ ነጭ ቀለበት ቀለበት ያለበትን አወጣ። ባለ ቀለበቱ ቀን ቀን ዓይን አፋር ነው፤ ራሱን ጥቅልሉ ውስጥ ይቀብራል። አልቦ ሲጨርስ ወደ ሣጥኑ መለሰው። ክዳኑን ሲጫን የጠርዙ ሽቦ አውራ ጣቱን ጫር ያደረገው መሰለው። ዝቅ ብሎም አላየ። ታጠበ፣ ጋዋኑን ሰቀለ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ድሮ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። «እጅህን!» ትለዋለች። እንደ ተማሪ ሁለቱንም ይዘረጋላታል። ገልበጥ አድርጋ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አይታ፣ «በል ግባ» ትለዋለች። ከአልጋ መነሣት ካቃታት በኋላም አጠገቧ እየሄደ ያሳያት ነበር። ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤቱ በሐዘንተኛ ሞልቷል። «ተቀመጥ» ያለው ብዙ ነው፤ «እጅህን» ያለው የለም።

አማቱ ገና ሲገባ አዩትና ወደ ወንድ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ሂድ አውጣጣው። ሚስቱ ሞታ እንዲህ የሚረጋ ሰው ሌላ ማረፊያ ቢኖረው ነው።»

ልጃቸው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወሬ ማምጣት የእንጀራው ግማሽ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ነገር በፊት ለፊት አይጠይቁትም። ወንበሩን ስቦ አላቢው አጠገብ ተቀመጠና ከሩቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ከእባብ ሁሉ መርዘኛው የቱ ነው? ደንበኞቼ ሁልጊዜ ይከራከሩበታል።»

«በምን ተለክቶ?»

«እንዴት በምን?»

«በጠብታ ከሆነ፣ ሩቅ አገር በረሃ ውስጥ የሚኖር አንድ አለ። የሱን የሚያህል የለም። ግን ከሰው ስለማይገናኝ ማንንም አይገድልም።»

«ታዲያ ምኑን መርዘኛ ሆነ!»

«በመቃብር ከሆነ ደግሞ እፉኝት ናት። መርዟ ከዚያኛው ጋር አይወዳደርም። መንገድ ላይ ትተኛለች፤ ሲመጡባትም አትሸሽም፤ ይረግጧታል።»

«ኮብራስ?»

«እሱ ፎካሪ ነው። መጣሁ ብሎ የሚመጣ ጠላት ደግ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። የእናቱ ዓይን ጀርባው ላይ እንዳረፈ ሲሰማው ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ... እንዳትቆጣኝ። ሌላ ሰው አለችህ እንዴ?»

አላቢው መቆጣት እንደነበረበት ያውቃል። ቁጣውን ውስጡ ፈለገው፤ አጣው። ሊመልስ ሲል ምላሱ ከበደው።

«ማንም... የለኝም» አለ ቃሉን እየጎተተ።

የዓይኑ ቆብ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ ሲመጣለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደስታ የሚባል ነገር ቢቀረው ኖሮ ደስ ይለው ነበር።

አማቱ ከማዶ ሆነው ፊቱ ሲረግብ፣ ዓይኑ ሲከደን አዩ። ተነሥተው ውኃ አመጡለት። ጠጣ፤ ግን አልወረደለትም፤ በከንፈሩ ጥግ ወጥቶ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። «እማማ» ሊላቸው ፈለገ። ድምፁ አልወጣም።

ሴትዮዋ ብርጭቆውን አስቀምጠው አቀፉት።

«እኔን ልጄን! ለቅሶው አንቆት ነው። በሆዱ ይዞት ኖሯል!»

እናትና ልጅ ግራና ቀኝ ደግፈውት፣ እግሩን እየጎተተ መኝታ ቤት አስገቡት። የሟች ልጃቸውን ብርድ ልብስ አለበሱት፤ ግንባሩን ዳበሱት።

«አምቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉት በጆሮው።

መጋረጃውን ጋርደው በሩን ገጠም አደረጉ። ግቢ ውስጥ ኳስ የሚያንከባልሉትን ልጆች ወደ ውጭ አባረሩ። እንግዳውን ሁሉ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ለመኑ።

«እስኪበቃው ይተኛ። ማንም እንዳይቀሰቅሰው።»

ወደ ማታ ገደማ ባልደረባው ሊያጽናናው መጣ።

«ተኝቷል» አሉት አማቱ፤ አማቻቸው ቤቱን ያኮራ ይመስል። «ዛሬ ገና ወጣለት።»

«እሰይ! ለሐዘን ከእንቅልፍ የተሻለ ምን መድኃኒት አለው» አለና ፀጉር አስተካካዩ አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት።

ፀጉር አስተካካዩ የልቡ አልደረሰም ነበር። «ጋሼ በጠብታ ሌላ፣ በመቃብር ሌላ ብሎኝ ሳይጨርስልኝ ደከመው» አለ። «አንተስ? መርዘኛው የቱ ነው ትላለህ?»

«እኔን ከጠየቅከኝ የኛው ባለ ቀለበት ነው» አለ ባልደረባው ሻዩን እያማሰለ። «ሲነክስ አያምም፤ የተነከሰውም አያውቅ። ዓይኑ ይከደናል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ቤተ ዘመዱ ደክሞት ነው ይልና በር ዘግቶ ያስተኛዋል።»