የሚሰበርበት ቀን

ግንቦት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የዲዛይንና ቴክኖሎጂ መምህሩ ትርንጎ የሠራችውን ወንበር ገልብጠው እያዩ፣ «መቼ ነው የሚሰበረው?» አሏት።

«ነገ እነግርዎታለሁ፣ ቲቸር።»

ሰው የሠራው ዕቃ ሁሉ የሚሰበርበት ቀን እንዲኖረው ከታዘዘ ወዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። ተማሪው ለሠራው ዕቃ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ይቆርጥለታል፤ ውጤቱን የሚያገኘው ዕቃው በቀኑ ሲሰበር ነው፤ እስከዚያ ክፍሉን ይደግማል። እንጨትም ለአንድ ቤት በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚታደለው፤ የነትርንጎ ቤት ድርሻ በዚህ ወንበር አልቋል። ጠረጴዛቸውና ወንበሮቻቸው ከፋሲካ በፊት ቀናቸው ደርሶ ተሰብረው ስለነበር፣ መሬት ተቀምጠው ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር የሚበሉት።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ለአባቷ ወሰደችላቸው። ወገባቸው መሬት መቀመጥ አይችልም። ሐኪሙ ደግሞ ክረምቱን አይዘልቁም ብሏል።

ተደላድለው ተቀመጡና፣ «ስንት ልትሰጪው ነው?» አሏት።

«ሁለት ዓመት።»

«ክፍል ልትደግሚ? እኔ ሳልኖር ወንበሩ ምን ሊያደርግ ይኖራል? ሐምሌ መጨረሻ በዪው።»

«አባዬ፣ ሐኪም እኮ እግዜር አይደለም።»

«አይደለም። ግን ቀጠሮ መስጠቱን ትቷል። በይ አትከራከሪኝ፣ ደክሞኛል።»

ትርንጎም ደክሟት ነበር። በማግስቱ መጋዝ ይዛ የኋለኛውን እግር ለሐምሌ በሚበቃው ልክ ገዘገዘችው።

ወንበሩ በቀኑ ተሰበረ፤ እሷም አሥረኛ ክፍል ገባች። አባቷ የሞቱት ከዚያ በዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጡት።