የቅዳሜዋ ወለላ

አሰፋች ያን ዓመት ስታወራ ገና ከመነሻው በሳቅ ትፈርሳለች። «ቆዩ እስቲ፣ ቆዩ... ዘንዶው ሲረጥብ ጊዜ...» ትልና ጎኗን ይዛ ትቀራለች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ገና ምኑን ሰማችሁ! ዋናው ወደ ኋላ ነው» ትላለች።

ነገሩ ግን የጀመረው በለቅሶ ነው።

ባሏ በዛብህ ከፋብሪካ በጡረታ የወጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አቃቂ በሰቃ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ለሁለቱም የምታወራው እሷ ናት። በመጨረሻው ዓመት ላይ ግን ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን በልቶ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሳሪስ አቦ መሄድ ጀመረ። «ጓደኛዬ ፀሐዩ ታሟል፤ ልጠይቀው» ይላል። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው።

አገር ሁሉ ሚሌኒየሙን በሚጠብቅበት ዓመት፣ በኅዳር፣ በዛብህ ሞተ። ለቀብሩ ፀሐዩ መጣ። ጉንጩ ወዝቶ፣ ከርሱ ተነፍቶ። «እግዜር ያጥናሽ አሰፋች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንተያይ እንዲህ ይሁን!» አላት።

ከሠልስቱ በኋላ የበዛብህን ኮት ኪስ ስታራግፍ ብጣሽ ወረቀት ወደቀች። አሰፋች በመሠረተ ትምህርት የለቀመቻትን ፊደል አሰባስባ አነበበች፦ «ወለላ። ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት።»

«ተይው በቃ፤ እሱ እንደሆነ ሞቷል» አለቻት ጎረቤቷ ዳሲቱ።

«እሱ ሞተ እንጂ እሷ መች ሞተች!»

ሐውልት ሠሪው መጥቶ ጽሑፉን ሲጠይቃት፣ «ከውድ ባለቤቱ» ብላ ማስጻፍ አቃታት። ሴትዮዋን ሳላውቅ ሐውልት አላቆምም ብላ ሰውየውን መለሰችው።

በአርባው ሦስት ወጣቶች መጡ። ሮሪሳ ሳሪስ አቦ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ዚያድና እህቱ መርዋ አጠገቡ ሱቅ ውስጥ ይሸጣሉ። «ጋሽ በዛብህን እናውቃቸው ነበር» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሊወጡ ሲሉ መርዋ፣ «ወለላንስ ምን እናድርጋት?» ስትል፣ ሮሪሳ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «አንጥላትም፤ የጋሼ አደራ ናት» ሲል አሰፋች በጆሮዋ ሰማች።

ደሟ ፈላ፤ ግን አልጮኸችም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለመንገድ ሊፈርስ ነው፣ ቅዳሜ የምንሰበሰብበት አጣን ሲሏት፣ «የውስጠኛው ክፍል ባዶ ነው፤ እኔ ጋ ኑ» አለቻቸው። አንድ ቅዳሜ ያቺ ሴትዮ መከተሏ አይቀርም።

መጡ። ጠረጴዛውን ከበቡ። አራተኛ ወንበር አስጠግተው አንድ ወረቀት ፊቱ አኖሩ፤ ማንም ግን አልተቀመጠበትም። ሮሪሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዋሻው ውስጥ አንድ ነገር ይተነፍሳል» አለ። ዚያድ፣ «ጦሬን መዘዝኩ» አለ፤ በእጁ ያለው እስክሪብቶ ነው።

አሰፋች የአቦን ጠበል ይዛ ገባችና እስኪርሱ ረጨቻቸው።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እስላም ነኝ!» አለች መርዋ።

«ለሁሉም ይሠራል!»

«ዘንዶው ረጠበብን እኮ!» አለ ዚያድ፣ የተሳለበትን ወረቀት አንጠልጥሎ።

መንፈስ መጥራት ሳይሆን ጨዋታ መሆኑን አስረዷት። እያንዳንዱ ለራሱ ሰው ይፈጥራል፤ ያንን ሰው ሆኖ ይናገራል። ሮሪሳ የሚገጥማቸውን ይተርካል። በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ሲጣል የወጣው ቁጥር ሞትክ ካለ፣ ሞተ ነው። አሰፋች ሳቀች፤ «ያኛውስ ወንበር?» ስትል ግን ሦስቱም ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ክረምቱ ገባ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ክፍሉ ባዶ አይመስላትም። አንድ ቀን ብርጭቆ ስታነሳ ወንበሩ ፊት ቆመችና፣ «ነይ፣ ምን ያስፈራሻል? ባሌን ወስደሽ ወንበሬ ላይ መቀመጥ ታፍሪያለሽ?» አለች። እንጨቱ ሲጥ አለ። ትሪው ከእጇ አመለጠ።

ነሐሴ ላይ ልጆቹ በጨዋታው ዘበኛ የቆመበት አንድ የተዘጋ በር ጋ ደረሱ። ዚያድ እንስበረው ይላል፤ መርዋ እንመለስ ትላለች። አሰፋች ከመጋረጃው ጀርባ ትዕግሥቷ አለቀ፤ «ምን ያሰብራችኋል! ዘበኛውን ምሳ በልተሃል ወይ በሉታ!»

መርዋ አፏን በእጇ ያዘች። ዚያድ ሮሪሳን አየ፤ ሮሪሳ ባዶውን ወንበር አየ። አሰፋችም ወደ ወንበሩ ዞረች። እዚያ አንድ ሰው አለ ማለት ነው።

ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው ገብታ ጠረጴዛውን መታች። «ወለላ የምትባለውን ሴትዮ ዛሬ ታመጡልኛላችሁ!»

ሮሪሳ ከባዶው ወንበር ፊት ወረቀቱን አንስቶ ሰጣት። «ይቺውልዎት። ጋሼ ከእኛ ጋር ይጫወቱ ነበር። ወለላን የፈጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ይሆናሉ። እንዳንናገር አስምለውን ነው።»

የበዛብህ የእጅ ጽሑፍ ነው። አሰፋች ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «አንደበቷ ስለት ነው። ተኩላ አትፈራም። ጠላቷንም ቢሆን ሳታበላ አትሸኝም።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ያ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ይሄማ ከመወስለት ይብሳል» አለች። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ፣ ተቀምጦ የሚፈልጋትን ሴት ሠራ! እኔ ምን ጎደለኝ?»

መርዋ አጠገቧ በርከክ አለችና እጇን ያዘች። «እትዬ፣ የመጀመሪያው ቀን ሮሪሳ ‹ማንን መሆን ይፈልጋሉ?› ብሎ ሲጠይቃቸው ያሉትን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«‹ሌላ ሰው መሆን ከተቻለማ፣ አሰፋችን ልሁን። ስሟን ግን ቀይሩልኝ፤ ከሰማች ትኩራራብኛለች።›»