ጆሮ የሚወስደው መርፌ

ኪኒኖች ቁስል ማዳን ካቆሙ ወዲህ የቀረን አንድ ዓይነት መርፌ ብቻ ነው። ነፍስ ያተርፋል፣ ጆሮ ይወስዳል። ባለቤቴን ጥሩወርቅን እግሯን እሾህ ወግቷት እስከ ጉልበቷ አብጧል።

ነርሷ ሰናይት መርፌውን አዘጋጀች። «እማማ፣ ውኃ አብዝተው ይጠጡ። ጆሮዎ መጮህ ቢጀምርም የየቀኑን መርፌ ሳይጨርሱ እንዳያቋርጡ።»

ጥሩወርቅ ክንዷን ሸሸገች። «መጀመሪያ እሱ የልጃችንን ስም ይጥራልኝ።»

ልጃችንን ከቀበርነው ጀምሮ ስሙን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

«አሁን ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«በሬ ስትነዳ አፍህ አያርፍም። ስሙን ካልሰማሁ አልወጋም።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ «ይኄይስ» አልኩ።

ክንዷን ሰጠች።

እግሯ ድኗል፤ ጆሮዋ ግን ሄዷል። እኔም ምላሴ ስለተፈታ ስሙን በየቀኑ እጠራዋለሁ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስር ትለቅማለች።