የፈገግታ ሥልጠና

የሐይቅ ዳሩ ሎጅ ሥራ አስኪያጅ እንግዳ ተቀባይዋን ትርሲትን ባየ ቁጥር ያንገሸግሸዋል። ቱሪስት የጠፋው በሷ ኮስታራ ፊት ነው ብሎ ደምድሟል። ጭራሽ ከባንኮኒው ሥር የሒሳብ ባለሙያዎች ፈተና መጽሐፍ ደብቃ ታነባለች። እሱ ሁለቴ የወደቀበትን ፈተና ይቺ ልታልፍ!

ሰኞ ዕለት ሠራተኛውን ሰብስቦ መሃል አቆማት።

"ሎጅ በሕንፃ አያድግም፤ በናንተ ፊት ነው የሚያድገው። ጥርስሽ ይታይ። እንግዳ ምንም ቢጠይቅሽ እምቢ አይባልም፤ 'በደስታ፣ ጌታዬ' ነው የሚባለው። ከአቅምሽ በላይ ከሆነ እጅሽን አውጥተሽ ኃላፊ ትጠሪያለሽ። በይ አሳዪን።"

አሳየች። እሱ ግን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ፈገግታ ነው? ያስጠላል። ድገሚው።"

ዓይኗ እንባ እስኪያቀር አስደጋገማት።

ቅዳሜ እሱ ራሱ ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ለፈተና ተቀመጠ። የሎጁ ባለቤት "ዘንድሮ ካላለፍክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ" ብለውታል። ወረቀቱን ሲገልጥ ላብ አጠመቀው፤ አንድም የሚያውቀው ጥያቄ የለም። ፈታኙ ፊቱን ሲያዞር ጠብቆ ወደ ጎን ሰረቅ አድርጎ አየ። አጠገቡ ትርሲት አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ምራቁን ዋጠና ጠጋ አለ።

"ትርሲትዬ፣ በናትሽ፣ ወረቀትሽን ትንሽ ወደኔ መለስ አድርጊልኝ።"

ቀና አለች። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ አለችለት።

"በደስታ፣ ጌታዬ" አለችና እጇን አወጣች።