ከልኳንዳ ነጋዴው ልብ የወጣው

ልኳንዳ ነጋዴው ልቡን ድንገት አሞት የሆስፒታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም እንኳ ቀልዱን አልተወም። «ስንቱን ሰንጋ ገንጥዬ፣ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ እህቴ» አላት ነርሷን፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ሐኪሙ በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ ሰድዶ፣ የደም ሥሩን የደፈነውን የረጋ ደም መጦ አወጣው። ነርሷ እንደ ልማዷ ነጭ ፋሻ ላይ አኑራ፣ ጥንካሬውን ለማየት በመቆንጠጫ ጫን አደረገችው።

ሰውየው እንደሚታረድ በሬ አጓራ። «ደረቴን! ደረቴን ልቀቁኝ!»

«ኧረ ማንም አልነካዎትም፣ ጋሼ» አለ ሐኪሙ።

መቆንጠጫውን ስታነሳ ጩኸቱ ቀጥ አለ። አጋጣሚ ነው ብላ፣ በልቧ አማትባ ደግማ ነካችው። ሰውየው የእጁን ማሰሪያ በጥሶ ተወራጨ። ከዚያ ወዲያ አልደፈረችም።

የደም ሥሩ ተከፈተ። «አሁን ቀለለኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሰውየው። ነርሷ ዞር ስትል ፋሻው ከነረጋው ደም የለም።

«ቆራርጠው እንዲያዩት ላቦራቶሪ ልኬዋለሁ» አላት ሐኪሙ።

ዘላ የግድግዳውን ስልክ አነሳች። «የላክንልህን ደም እንዳትቆርጠው!»

ከኋላዋ ሰውየው ጮኸ። ደረቱን በሸፈነው ነጭ አንሶላ ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ወጣ።

«ምነው እቴ» አለ የላቦራቶሪው ሰው፣ «ገና አንዴ ነው እኮ ምላጭ ያሳረፍኩበት።»