የማይቆራረጥ ወሬ

የእህትየው እጅ ስክሪኑ ላይ፣ አገጯ ሥር ደርቆ ቀርቷል።

ሚስትየው ስልኩን ወደ ባሏ ታዞርና በምልክት «ይኸው፣ ደግሞ ቆመ» ትለዋለች። መስማት የተሳናት ናት፤ ታናሽ እህቷም እንደዚያው። ለእነሱ ምስል ቆመ ማለት ቃል ካፍ ተነጠቀ ማለት ነው። ባለፈው እህትየው «እመጣለሁ» ብላ ጀምራ፣ «ሥራው ከለቀቀኝ» የሚለው ሳይደርስ ምስሉ ቆመ። ሚስትየው አልጋ አንጥፋ ስትጠብቅ ሰነበተች። ተኮራርፈው ከርመው፣ እህትየው እሺ ብላ የደወለችው ዛሬ ገና ነው።

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የኢንተርኔት ጠጋኟ ተንበርክካለች። ወጣት ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞደም እኩያዬ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች፣ አቧራውን እፍ እያለች።

«ብንቀይረው ይፈጥናል የኔ ልጅ?» ይላል ባልየው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ክር እጅጌው ላይ ተጣብቋል።

«እውነቱን ልንገርዎት? በመስመሩ የሚመጣልዎት በከፈሉት ልክ ነው፤ አዲስ ሞደም እሱን አይጨምረውም። ግን ይሄ አሮጌው የመጣለትን ሁሉ መቀበል አቅቶታል። ግማሹ በር ላይ ነው የሚቀረው።»

አዲሱን ሰክታ ፍጥነቱን ትለካለች። ከቀድሞው እጥፍ ሆኗል።

«መስመርዎ ደህና ነው። ነገሩ የአሮጌው ሞደም እርጅና ነው።»

ባልየው ለሚስቱ ሊያስረዳ እጁን ያነሳል። «አዲስ»ን ያውቃታል፤ «ግማሽ»ም አትጠፋውም። «መቀበል» ላይ ግራ ይገባዋልና ጨርቅ እንደሚቀበል ሰው ሁለት ክንዱን ይዘረጋል። ሚስቱ ትስቃለች። ገብቷታል፤ ሁልጊዜም ይገባታል።

መልሳ ትደውላለች። እህትየው ፊቷን እንዳጠቆረች ብቅ ትላለች። ጣቷን ትቀስራለች። ሚስትየው ደረቷን ትመታለች። ምስሉ አይቆምም። እህትየው አንድ ነገር ትላለች፣ ሚስትየው ከአፏ ነጥቃ ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለቱም ባንዴ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ባልየው ለመከተል ይሞክራል። «አልጋ» የምትለውን ይይዛል። «ሥራ» የምትለውንም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያመልጠዋል።

ሚስቱን እንዲህ ስታወራ አይቷት አያውቅም። ቅንድቧ ያወራል፣ ትከሻዋ ያወራል። የሰው አረማመድ እየቀዳች ታሾፋለች፤ እህትየው እንባዋን ትጠርጋለች። ለካ ጨዋታ አዋቂ ናት። ከሱ ጋር ስትሆን አንዷን ምልክት ከሌላዋ ለይታ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ እስኪገባው ጠብቃ ነው የምትናገረው። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት «ሚስቴ ዝምተኛ ናት» እያለ ለሰው ሲያወራ ኖሯል።

«ፈጠነ አይደል ጋሼ?» ትላለች ጠጋኟ፣ ዕቃዋን እየሰበሰበች።

«በጣም» ይላታል፣ ዓይኑን ከሚስቱ ጣቶች ሳይነቅል።

ጠጋኟን ሸኝቶ ይመለስና ወንበር ስቦ ከሚስቱ ጎን ይቀመጣል። እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደብቆ፣ አሁን ካያቸው ምልክቶች አንዷን ይሞክራል። ለመርፌ የማይሰንፉት ጣቶቹ እርስ በርስ ይጋጩበታል። እንደገና ይጀምራል።