ባለማራገቢያው ኦቨን

የአፈር ላብራቶሪው ኃላፊ የግዢ ቅጹ ላይ «ማራገቢያ ያለው ኦቨን» ከሚለው ፊት ምልክት ሊያደርጉ እስክሪብቶ ሲያነሱ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» የሚል ቃል ከባለሙያዋ አፍ አመለጠ። እሳቸውን «ተሳስተዋል» ያለ ሰው እዚያ ቤት ውሎ አያድርም።

«ምኑን ነው የምታገሰው? ያለንም ባለማራገቢያ ነው፤ አፈሩን በግማሽ ቀን አድርቆ ያስረክበናል። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ።»

ባለሙያዋ ከመደርደሪያው ቀይ አፈር የያዘ ሳህንና የተፈጨ ኖራ የያዘ ሳህን አንስታ፣ ልክ ኦቨኑ ውስጥ እንደሚቀመጡት፣ ክዳናቸውን ከፍታ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ በማራገቢያው ፈንታ ኖራው ላይ ቀስ ብላ እፍ አለች። በቀዩ አፈር ላይ ስስ ነጭ ብናኝ አረፈ።

ቁጣቸውን አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ኃላፊው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ነጩን ብናኝ አተኩረው ያዩት ነበር። አምና አንድ ቀይ አፈር ውስጥ ኖራ ተገኝቶ፣ «ናሙና አደባልቀሻል» ተብላ አንዲት ሠራተኛ ስትባረር፣ ደብዳቤውን የፈረሙት እሳቸው ነበሩ። ልጅቱ «አልነካሁም» እያለች፣ እያለቀሰች ነበር የወጣችው።

እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አጋደሙት።

«የዚያች ልጅ ስልክ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?»